ነፋስ የሚያልፍበት ግድግዳ

በዚያ ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። ቄሳችን። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ወደብ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። ግድግዳውን የሚሠራው አፋር ግንበኛ። ብሎኬቶቹን ያመረተችው፣ ከወሎ የመጣች ወጣት ሴት። ትልቋ ልጄ። እኔ። ከምሥራቁ በኩል፣ ከግድግዳው ሥር፣ ሁለት የጎረቤት ፍየሎች ጥላ ይዘው ተኝተው ነበር፤ እነሱን ከሰው አልቆጥርም።

ሰው መቁጠር ልማዴ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ከቤት ስንወጣ እቆጥራቸዋለሁ፣ ሚኒባስ ስንሳፈር እቆጥራለሁ፣ ስንወርድ እቆጥራለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ትርፍ ታገኛለሽ እያለ ይስቅብኛል። ዕቃም ስገዛ ጀርባውን ሳላይ አልገዛም። ሳህን ከሆነ ገልብጬ፣ ልብስ ከሆነ ስፌቱን አውጥቼ አያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ያ ቀን የአዲሱ ቤተ ክርስቲያናችን የምሥራቅ ግድግዳ የመጀመሪያው መስመር ተደርድሮ ልናይ የሄድንበት ቀን ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ነገሩን እንዳየሁት በተራ እናገራለሁ።

እኛ ሉተራን ነን። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ብዙ አይደለንም። እዚህ ሥራ የሚዘጋው ዓርብ ስለሆነ የእኛ እሑድ ዓርብ ነው። ጎረቤቶቻችን ወደ መስጊድ ሲወጡ እኛም መጽሐፍ ቅዱሳችንን ይዘን እንወጣለን፤ መንገድ ላይ ተገናኝተን ሰላም ተባብለን እንለያያለን።

መጀመሪያ የተሰበሰብነው ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር፣ እኔ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ድስትና ባልዲዬን በአንሶላ ጋርጄ፣ አልጋዬን ለሽማግሌዎች መቀመጫ አድርጌ እጠብቃቸዋለሁ። የምተዳደረው የሰው ልብስ አጥቤ በመተኮስ ነው። ቅዱስ ቁርባን የሚቀርብበት ጠረጴዛም የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ካውያ አቃጥሎታል። ቄሳችን ጽዋውን ሁልጊዜ እዚያ ጠባሳ ላይ ያስቀምጡ ነበር፣ እንዳላፍር ብለው ይመስለኛል።

ክፍሏ ስትጠበን አምቡሊ በሚባለው ሰፈር በኩል ቦታ ተገኘ። ከወደብ የተጣሉ ሁለት ኮንቴይነሮች ትይዩ አቆምን፤ በመካከላቸው ቆርቆሮ ዘረጋንና ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ደስታችን ብዙ ነበር፤ ሙቀቱም እንዲሁ። መሠዊያው ላይ ያቆምነው ሻማ ሳይለኮስ ይጎብጣል። አንድ ጊዜ ሕፃን ሊያጠምቁ ቄሳችን ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቶሎ አወጡና፣ እስኪ በረዶ ፈልጉልኝ አሉ። ከዓሣ ሻጭ የተገዛ በረዶ ተጨምሮበት ልጁ ተጠመቀ። ዛሬ ትልቅ ልጅ ነው፤ ዓሣ ይወዳል፤ እናቱ ምክንያቱ ያ ነው ትላለች። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን ሲነሣ ስብከቱ ይቆማል፤ ሲያልፍ ከቆመበት ይቀጥላል። ከእኛ መካከል ያን ጊዜ ጠብቆ የሚያስልም፣ ሕፃን የሚያባብልም አለ።

በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ የሕንፃ ንድፍ አውጪ መጣ፤ እሱም የእኛው እምነት ሰው ነው። ዓርብ ጠዋት ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። መሠዊያውን ይስላል ብለን ስንጠብቅ እሱ የሳለው እኛ ሴቶቹ የምንቀመጥበትን ቦታ ነበር። ሁላችንም በምሥራቁ በር በኩል ተጠጋግተን ነበር የምንቀመጠው። ጉባኤው ሲያልቅ ወደ እኔ መጥቶ ለምን እዚያ ብቻ እንደምንታጨቅ ጠየቀኝ። ነፋሱ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው አልኩት። ያን ጻፈው። አንድ የተናገርኩት ነገር ወረቀት ላይ ሲጻፍ ያየሁት ያኔ ነው።

የሠራልን ንድፍ ይህ ነበር። ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ትኩሱ የካምሲን ነፋስ አቧራ ይዞ የሚመጣው ከምዕራብ ስለሆነ የምዕራቡ ግድግዳ ወፍራምና ድፍን ይሆናል። የምሥራቁ፣ ወደ ባሕሩ የሚያየው፣ ከጉልበት ከፍታ እስከ ጣሪያው ሥር በመስቀል ቅርጽ ቀዳዳ ባላቸው ብሎኬቶች ይሠራል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይላል፣ የአምቡሊ ወንዝ ሲሞላ እንዳይገባብን። የደወል ማማ የለውም። ቀዳዳዎቹ ወደ ውጪ ዝቅ ብለው ያዘነብላሉ፤ ብርሃኑ ከመሬት ተመልሶ ይገባል፣ ዝናቡ ግን አይገባም። እዚህ ዝናብ ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን የዓመቱን ባንድ ቀን ነው።

ሰብሳቢው ሽማግሌ አልወደዱትም። እሳቸው ያደጉበት ቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስኮትና ረጅም ማማ ነበረው። ወረቀቱን ከሩቅ ይዘው አዩና፣ “ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ የዶሮ ቤት?” አሉ። ቄሳችን ዶሮም ያለ ነፋስ አትኖርም አሏቸውና ነገሩ በሳቅ አለፈ።

ወጣቷ የመጣችው በዚያን ሰሞን ነው። ወደ ኦቦክ ሄደው፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገሩ ከሚጓዙት አንዷ ነበረች። መንገድ ላይ ታማ ጓደኞቿ ጥለዋት ሄደዋል። የኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሳገኛት ውሃ ሰጠኋት፤ ከዚያ ቤቴ ወሰድኳት። ሙስሊም ናት፤ እዚያው ቤቴ አንድ ጥግ ለይቼላት ትሰግድ ነበር። ስትድን ምን ሥራ ታውቂያለሽ አልኳት። ኮምቦልቻ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ሠርቻለሁ አለችኝ። እጇን አየሁት፤ ግራ ክርኗ ላይ የሲሚንቶ ቃጠሎ ጠባሳ አለ። እውነቷን ነበር።

ለቄሳችን ነገርኳቸው፤ ሥራው ተሰጣት። አርሂባ ሰፈር ያለ የብየዳ ሠራተኛ የብሎኬት ማውጫውን ብረት ሠራላት። ወደ የመን ሊያሻግራት የተዋዋለው ደላላ ግን በየጊዜው ይደውላል፤ ጀልባው ተዘጋጅቷል፣ ቦታ ይዤልሻለሁ ይላታል። እኔ አትሂጂ እላታለሁ። በመጨረሻ አንድ ነገር ቃል ገባችልኝ፤ ብሎኬቱ እስኪያልቅ አልሄድም፣ ከዚያ በኋላ ግን አትያዢኝ። እሺ አልኩ። ሆኖም ለሥራ ነጠላ ጫማ ስትጫማ ደህናውን ሸራ ጫማዋን ወስጄ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ፣ ሳትሰናበተኝ እንዳትሄድ። ደርሳበት ሳቀች።

“እትዬ፣ በባዶ እግሬም እኮ መሄድ እችላለሁ።”

“አውቃለሁ፣” አልኳት። “እኔ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው።”

ፀሐይ ሳይበረታ ሲሚንቶና አሸዋ ታቦካለች፤ ብረቱ ውስጥ ትጠቀጥቃለች፤ ከላይ በመዳፏ ታስተካክላለች፤ ከዚያ ታወጣለች። እኔ ሥራዬን ጨርሼ ስመጣ ብሎኬቶቹን እርጥብ ጆንያ አልብሼ ውሃ አጠጣለሁ። በዚህ አገር ሙቀት ሲሚንቶ ካልተጠነቀቁለት ሳይጠና ይሰነጠቃል። ልጆቼን እንደምቆጥረው እቆጥራቸው ጀመር። ያን ሁሉ ቀን ሳጠጣቸው ምንም ስህተት አላየሁም። መሬት ላይ ተጋድሞ የተኛ መስቀል የትኛው አናቱ የትኛው እግሩ እንደሆነ አይለይም።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። ግንበኛው ያለ እኛ የመጀመሪያውን መስመር ደርድሮ ጠበቀን። እኛ በሩ ላይ ቆመን ጌታን እያመሰገንን ሳለ ልጄ እጄን ሳበችኝ።

“እማዬ፣ መስቀሎቹ ተገልብጠዋል።”

አየን። ሁሉም ረጅሙ እግራቸው ወደ ላይ፣ አናታቸው ወደ ታች ነበር። ግንበኛው፣ ከካሚዮን ነጂዎች በተማረው አማርኛ፣ “እናንተ ቀዳዳው ወደ ውጪ ያዘንብል አላችሁ። አዘነበለ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የመስቀሉን እግር ከየት ልወቀው?” አለ። ከዚያ ራቅ ብሎ አየው። “ቤተ ክርስቲያናችሁ በእጁ ቆሟል፣” አለ።

ቄሳችን ያልተለጠፈ አንድ ብሎኬት አንሥቶ አናቱን እንዲያዞረው ጠየቁት። ፊቱን ወደ እኛ እንደያዘ እንደ መኪና መሪ አዞረው። መስቀሉ ቀጥ አለ። ከዚያ ግንበኛው በጆግ ውሃ በውጪ በኩል አፈሰሰበት፤ ውሃው በቀዳዳው ገብቶ የቄሳችን ጫማ ላይ ፈሰሰ። አሁን ደግሞ ቀዳዳው ወደ ውስጥ አዘንብሏል። መስቀሉ ሲቀና ዝናብ ያስገባል፣ ዝናቡ ሲቀር መስቀሉ ይገለበጣል።

ስህተቱ ቶሎ ታወቀ። በማውጫው ብረት መካከል የሚገባ፣ መስቀሉን የሚያወጣ ሌላ ብረት አለ፤ በአንድ በኩል ብቻ ነው መግባት ያለበት። ወጣቷ በኮምቦልቻ እንደለመደችው በሌላው በኩል ታስገባው ነበር። እዚያ የሚሠራው ተራ ብሎኬት ስለሆነ ብረቱ በየትም በኩል ቢገባ አንድ ነው። መስቀል ላይ ሠርታ አታውቅም።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ቁጡ ሰው አይደሉም፤ በዚያ ቀን ግን ያዘኑ መሰለኝ። ብሎኬቶቹ ሁሉ ይሰበሩ፣ መስኮቱን በመስታወት እንሥራው አሉ። የእኔ ዓይን ግን ወጣቷ ላይ ነበር። በርሜሉ ጋ ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ቀስ ብላ ታጠበች። የሥራ ሻርፗን ፈታች፣ አራግፋ አጠፈች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

“እትዬ፣ ጫማዬን ስጪኝ።”

ብሎኬቱ አልቆ ነበር፤ የገባችልኝም ቃል አብሮ አልቋል። ጊዜ ለመግዛት ብዬ፣ እውነቱን ለመናገርም ነገሩ በደንብ ስላልገባኝ፣ ስህተቱን ቁጭ ብለሽ አሳዪኝ፣ ከዚያ እሰጥሻለሁ አልኳት። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ሳሙና አይጠፋም። አንድ ደረቅ የልብስ ሳሙና አውጥቼ ሰጠኋት። ከመሬት ምስማር አንሥታ ሳሙናውን አዘንብላ በሳችው። በሁለቱም ፊቱ ላይ የተገለበጠ መስቀል ጫረችበት። ይኸውልሽ፣ ይህ ውጪ ነው፣ ይህ ውስጥ፣ አለችኝ።

ተቀብያት አየሁት። ከዚያ፣ ዕቃ ሁሉ ላይ እንደማደርገው፣ ጀርባውን ለማየት ገለበጥኩት። ወደ ጎን አላዞርኩትም፤ ሳህን እንደሚገለበጥ፣ ታቹን ወደ ላይ፣ ፊቱን ወደ ኋላ። መስቀሉ በእግሩ ቆመ። የምስማሩ ቀዳዳ ደግሞ እንደ ቀድሞው ወደ ውጪ ዝቅ እንዳለ ነው።

ያየሁትን አላመንኩም። ለእሷ መልሼ ሰጠኋት። ገለበጠችው። እንደገና ገለበጠችው። ቀና ብላ ግንበኛውን ጠራችው። እሱ ሳሙናውን አይቶ አንድ ቃል በአፋርኛ ተናገረ፤ ብሎኬቱን አንሥቶ በእሷ አያያዝ ገልብጦ አስቀመጠና ጆጉን ይዞ በውጪ በኩል አፈሰሰ። ውሃው ወደ ውጪ ተመልሶ ፍየሎቹ ላይ ወረደ። ፍየሎቹ ተነሥተው ሸሹ። ቄሳችን እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ግድግዳውን ተደግፈው ነው የሳቁት።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ግን ጠጋ ብለው ብሎኬቱን ዳሰሱት። ለስላሳው ፊት አሁን ወደ ውጪ ሆኗል፤ ወደ ውስጥ የዞረው እሷ በመዳፏ ያስተካከለችው ሻካራው ነው። የእጇ ምልክት፣ የጣቶቿም መስመር፣ በእያንዳንዱ ላይ አለ።

“ይህ እኮ ከውስጥ ይታያል፣” አሉ።

“ይታይ፣” አሉ ቄሳችን።

በዚህ ተወሰነ። ግንበኛው የደረደረውን ፈታ። አንዱ ብቻ፣ ጥግ ላይ ያለው፣ ሲሚንቶው ይዞት ሳይሰበር አልነሣም አለ፤ ትተነው በላዩ ላይ ቀጠለ። ዛሬ ሕፃናት አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት ያንን ነው። ወጣቷ ሲፈታና ሲገነባ የተሰበረውን ብሎኬት ልትተካ እስከ ሕንፃው ፍጻሜ ቆየች። ስለ ጫማ ማንም አላነሣም። ደላላው ሲደውል ግን ስልኩን ይዛ ወደ ውጪ ትወጣ ነበር፤ እኔም ከመጋረጃው ኋላ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ።

ሕንፃው የተመረቀው ዓርብ ከቀትር በኋላ ነበር። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ በመስቀሎቹ ገብቶ የዘማሪዎቹን ቀሚስ ያነሣዋል። የኮንቴይነሮቹን ወለል ሳንቃ አግዳሚ ወንበር አድርገነዋል፤ በፊት የቆምንበት ላይ አሁን ተቀመጥን። መሠዊያው ላይ ያለው ሻማ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ የእኛ መሆኑን ያመንኩት ያን ሻማ ሳይ ነው። አውሮፕላን ተነሣ፣ ስብከቱ ቆመ፣ ሕፃናቱ ሳቁ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከቀዳዳው ግድግዳ አጠገብ ያለውን ወንበር ይዘዋል። ዛሬም የእሳቸው ቦታ ነው፤ ሰው ከቀደማቸው ደስ አይላቸውም። የዶሮ ቤቱ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ያልሰሙ መሰሉ።

ወጣቷና ግንበኛው ውጪ፣ በግድግዳው ጥላ፣ ፍየሎቹ የነበሩበት ቦታ ተቀምጠው ነበር። መዝሙሩ በቀዳዳዎቹ ይደርሳቸዋል። እኔ ከውስጥ በአንዱ መስቀል የሻርፗን ቀለም አይ ነበር። ሦስቱን ልጆቼን ቆጠርኩ፣ ከዚያ እሷን ቆጠርኩ።

ምግቡ ተበልቶ ሰው ሲበተን አብረን ዕቃ እናጥብ ጀመር። ሥራው አለቀ አለችኝ። አውቃለሁ አልኳትና ጫማዋን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አጥቤዋለሁ፤ አዲስ ማሰሪያም ገዝቼለታለሁ። ከዚያ ለማንም በደንብ ያልነገርኩትን ነገርኳት። እኔም ወደዚህ አገር የመጣሁት ለመሻገር ነበር። ኦቦክ ደርሻለሁ። እግሬን ውሃው ውስጥ ከትቻለሁ። ጀልባዋን ሳያት የምይዘው ነገር አጣሁና ተመለስኩ።

“ፈርተሽ ነው እንጂ፣” አለችኝ።

“አዎ፣ ፈርቼ ነው። ፈሪ ሆኜ ሦስት ልጅ ወለድኩ።”

የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች። በዚህ መካከል ሰብሳቢው ሽማግሌ እያለከለኩ መጡ። የብሎኬት ማውጫውን ብረት፣ መስቀል የሚያወጣውንም ተራውንም፣ በጆንያ ጠቅልለው ተሸክመዋል። እግሯ ሥር አስቀመጡት፤ ወለሉ ነጎደ።

“ኮሚቴው ይህን ላንቺ ሰጥቷል፣” አሏት። “ይህን ይዘሽ ጀልባ ላይ ብትወጪ ጀልባው ይሰምጣል። ባቡር ግን ይችለዋል።”

መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለኝ፤ ሳቅ ነበር። ሁለቱም ነበሩ። ብረቱን ሳብ አድርጋ መዘነችው። መስቀሉን ለማን ልሥራበት ብላ ጠየቀቻቸው። የብየዳ ሠራተኛ ብረቱን ወደ አበባ ቅርጽ ይለውጥልሽ አሏት። ጫማዋን ተጫምታ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አሰረችው፤ ከዚያ ስልኳን አወጣች፤ እኔ ፊት ለደላላው ደውላ፣ እኔን አትጠብቀኝ፣ ወደ አገሬ ልመለስ ነው አለችው።

ባቡር ጣቢያው ድረስ የሸኘናት እኔና ልጄ ነን። ተቆጣጣሪው ይህ ምንድን ነው ብሎ ጆንያውን አስፈታት። ቤተ ክርስቲያን ነው አለችው። እሱም አየት አደረጋትና ይለፍ አለ። ባቡሩ እስኪሄድ በመስኮት ስትስቅ አየኋት። ድሬዳዋ ስትደርስ ደወለች። ኮምቦልቻ ስትደርስ ደወለች። በኋላም አንድ ጊዜ ደውላ ከእናቷ ግቢ ሥራ እንደጀመረች፣ የጎረቤት ሰው ለአጥሩ ባለ አበባ ብሎኬት እንዳዘዛት ነገረችኝ። ያን ቀን የሰው ልብስ እየተኮስኩ ዘመርኩ።

ከዚያ ስልኬ ልብስ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ከነሲም ካርዱ ተበላሸ። ቁጥሯ እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ወረቀት ላይ አልጻፍኩትም። እኔ፣ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ የማየው፣ ያንን አላየሁም። እሷም የእኔን አዲሱን ቁጥር አታውቅም። ኮምቦልቻ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ አንዱ እዚያው ናት ይላል፣ ሌላው እንደገና ወጥታለች ይላል። ዓርብ ዓርብ ከግድግዳው አጠገብ ስቀመጥ መዳፌን ከመዳፏ ምልክት ላይ አደርጋለሁ፤ የእሷ ከእኔ ያንሳል።

ኮምቦልቻ ወይም በዙሪያዋ ባለ አበባ ብሎኬት የምታመርት፣ ግራ ክርኗ ላይ የሲሚንቶ ቃጠሎ ጠባሳ ያላት ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ግድግዳው ደህና ቆሟል በሏት። በአገሯ ካለችም ንገሩኝ፣ ሄዳም ከሆነ ንገሩኝ። አምቡሊ ያለውን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጠይቃችሁ ለልብስ አጣቢዋ ብላችሁ መልእክት ብትተዉ ይደርሰኛል።